«መላኪያ ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ አውርጂው

«እትዬ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለት ሸማኔዎች ይሠሩልኛል፤ እኔ ጫፉን እቋጫለሁ፣ እሰፋለሁ፣ አጥቤ ተኩሼ እልካለሁ። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሻርፕና የሕፃን ማቀፊያ ነው ሥራዬ። የምሸጠው በቴሌግራም ነው። ሥራ ስጀምር ደንበኛ ይበረታታልኝ ብዬ ‹መላኪያ ነፃ› ብዬ ጻፍኩ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። አሁን ግን የመላኪያው ዋጋ ከሸማው ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ባለፈው ቨርጂኒያ ላለች ደንበኛ በፈጣን መልእክት ድርጅት ሁለት ጋቢ ላክሁ። ቀረጥ ክፈይ ስትባል እምቢ አለች። ጥቅሉ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ፤ የመመለሻውንም እኔው ከፈልኩ። ባለቤቴ የውጭውን አቁሚ ይለኛል። ጎረቤቶቼ ‹ስጦታ ብለሽ ጻፊበት› ይላሉ፤ በሚሄድ ሰው ላኪ የሚሉኝም አሉ። ዋጋ ልጨምር? ላቁም? ግራ ገባኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተመለሰው ጋቢ አሳዘነኝ፤ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ዛሬም እንደዚያው ነው» ያልሽው ነው። መላኪያ ነፃ ሆኖ አያውቅም። ደንበኛዋ ካልከፈለች አንቺ ትከፍያለሽ፤ አንቺ ስትከፍይ ደግሞ ከሸማኔዎቹ ድካምና ከልጆችሽ ጉሮሮ ነው የሚቀነሰው። ሥራውን አታቁሚ። ያንን ጽሑፍ ግን ዛሬ ማታ ሳትተኚ ከቻናልሽ ላይ አውርጂው።

ዋጋ ልጨምር ወይ ላልሽኝ፣ በሸማው ላይ አትጨምሪ። መላኪያውን በሸማው ዋጋ ውስጥ ስትከቺው ሳሪስ ሆና ነጠላሽን የምትገዛው ልጅ የቨርጂኒያዋን የፖስታ ሒሳብ ትከፍላለች ማለት ነው። እሷ ምን በደለችሽ? የሸማውን ዋጋ ለሁሉም አንድ አድርጊው። መላኪያውን ለብቻው፣ ለየአገሩና ለየክብደቱ ጻፊ። ደንበኛ የሚርቀው ያላሰበው ክፍያ ድንገት ሲመጣበት ነው። አስቀድሞ የተነገረውን ሒሳብ የሚከፍል ሞልቷል፤ የማይከፍለውም በጊዜ ይነግርሻል፣ አንቺም ጋቢሽን አሳጥበሽ፣ አስተኩሰሽ፣ ባሕር ማዶ ልከሽ አታስመልሺም።

ዋጋው ለምን ናረ ለሚለው፣ ብዙ ሰው ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ልጅ የጨመረችው ይመስለዋል። በፖስታ የምትልኪው ጥቅል ቨርጂኒያ ከገባ በኋላ እቤት ድረስ የሚያደርሰው የአሜሪካ ፖስታ ነው፤ ለዚያ ሥራ የእኛ ፖስታ ለእነርሱ ይከፍላል። በአገሮች ፖስታ ቤቶች መካከል ያለው ይህ ሒሳብ የሚሠራው ደግሞ በብር አይደለም፤ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቂዋለሽ። በውጭ ገንዘብ የሚታሰብ ነገር ሁሉ፣ ፖስታም የአውሮፕላን ጭነትም፣ በብር ሲቆጠር ከፍ አለ። ከዚያም በፊት ቢሆን፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት ጄኔቫ ላይ ባደረገው አስቸኳይ ጉባኤ አገሮች ለትንንሽ ጥቅሎች የሚያስከፍሉትን በየራሳቸው እንዲያስታውቁ መንገድ ተከፍቷል፤ ቀድማ የተጠቀመችበት አሜሪካ ናት። ይህን የምነግርሽ ቂም እንዳትይዢና የድሮውን ዋጋ እንዳትጠብቂ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካው ልምጣ፣ ጋቢሽን የመለሰው እሱ ነውና። ለብዙ ዓመት እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይጠየቅበትም ነበር። እንዳንቺ ያለ የቤት ውስጥ ሥራ የኖረው በዚያች ቀዳዳ ነው። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አሜሪካ ይህን ለሁሉም አገር አንስታዋለች። በዚያው ሰሞን ቀረጡን ማን ሰብስቦ ማን እንደሚያስገባ ስላልጠራ፣ ከሰማንያ በላይ የሚሆኑ የዓለም ፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ መላክ በሙሉም በከፊልም አቁመው ነበር። ስለዚህ ደንበኛሽ ላይ አትፍረጂ። ልማዷ ጥቅሉ በሯ ላይ መምጣት ነበር፤ አንድ ቀን «ክፈይ» የሚል መልእክት ሲደርሳት ደነገጠች። ጥፋቱ ለእሷ አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። አንቺም አላወቅሽም፣ የላከልሽ ድርጅትም አልነገረሽም፤ ሁለት ወር ሙሉ ጋቢው ሲንከራተት የሦስታችሁም ዝምታ ነው የተከፈለበት።

ከእንግዲህ ወደ አሜሪካ ከመላክሽ በፊት በዚያው ሳምንት ሁለት ነገር ጠይቂ። የምትልኪበት ፖስታም ሆነ ድርጅት በዚህ ሰሞን የንግድ ዕቃ ወደ አሜሪካ ይቀበላል ወይ? ቀረጡስ እዚህ ስትልኪ ነው የሚከፈለው ወይስ እዚያ ስትረከብ? ደንቡ ቶሎ ቶሎ እየተለዋወጠ ስለሆነ የዛሬ ሦስት ወር የሰማሽውን አትያዢ፣ ከኔም የሰማሽውን ቢሆን። መልሱን ይዘሽ ለደንበኛዋ ጻፊላት፤ «እሺ» ስትልሽ ብቻ ሸማው ይታሸግ።

«ስጦታ ብለሽ ጻፊ» የሚሉሽ ጎረቤቶችሽ ክፉ አስበው አይደለም። ከሰው ለሰው የሚላክ፣ እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ እውነተኛ ስጦታ አሜሪካ ሲገባ ከቀረጡ ውጭ የሚታይበት አሠራር ስላለ ነው። ያንቺ ግን የተሸጠ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ቴሌግራም ላይ በአደባባይ ተጽፏል። ስምሽንና ስልክሽን ጽፈሽ፣ በፊርማሽ እውነት ነው ብለሽ ሐሰት እያስገባሽ ነው። ከተያዘ ጥቅሉ ይወረሳል ወይ ይመለሳል፤ ስምሽ የሰፈረበት ሁለተኛውና ሦስተኛውም በዚያው ዓይን ይታያል። ሌላም አለ። ጥቅሉ ቢጠፋ ካሣ የምትጠይቂው በጻፍሽው ዋጋ ነው። ስጦታ ለማስመሰል አምስት ዶላር ብለሽ የጻፍሽውን ጋቢ በምን አፍሽ ሙሉ ዋጋ ክፈሉኝ ትያለሽ? እኔ በዚህ ነገር ላይ አልለሳለስም። ሸማኔ ቀን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሠራውን ሥራ አምስት ዶላር ብሎ መጻፍ እሱንም ማዋረድ ነው።

አውሮፓን በአጭሩ ልንገርሽ። ከሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ የንግድ ዕቃ ዋጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈልበታል። ጀርመን ላይ መደበኛው 19 በመቶ ነው። ደንበኛሽ ስትረከብ ታክሱን፣ ከዚያም ላይ ለአስረካቢው ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ትጠየቃለች። ይህንንም ቀድመሽ ንገሪያት፤ ጀርመን የሚኖሩት ለምደውታል፣ አይከፉብሽም።

አሁን ወደ እጅሽ ሥራ እንምጣ፤ ብዙው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የኩሽና ሚዛን ግዢ፣ ግራም የሚያነብ። ሜትርማ ልብስ ሰፊ ነሽና አለሽ። ትልልቆቹ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት ሚዛኑ በሚያሳየው ብቻ እንዳይመስልሽ። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉታል፤ የወጣው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ያስከፍሉሻል። ለምሳሌ ሁለት ነጠላና አንድ የሕፃን ማቀፊያ 1.3 ኪሎ መዘነ እንበል። ከሱቅ ያገኘሽው ካርቶን 40 በ30 በ20 ከሆነ፣ ተባዝቶ 24,000፣ ለ5000 ሲካፈል 4.8 ኪሎ ይመጣል። ለሦስት ኪሎ ተኩል አየር ከፈልሽ ማለት ነው። ያንኑ ሸማ አየሩን አስወጥተሽ፣ በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ 35 በ28 በ8 በሆነ ጠፍጣፋ ማሸጊያ ብታደርጊው 1.6 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ሸማው ያው፣ ደንበኛዋ ያቺው፣ ሒሳቡ ግን አንድ ሦስተኛ። ተኩሰሽ ስታጥፊ ጥለቱ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ተጨምቆም ቢሄድ ጥለቱ አይጎዳም።

በመደበኛው ፖስታ ደግሞ ሌላ ድንበር አለ። ትንሽ ጥቅል የሚባለው እስከ 2 ኪሎ ነው፤ ርዝመት፣ ወርድና ከፍታው ተደምሮ ከ90 ሴንቲሜትር፣ ረጅሙ ጎን ደግሞ ከ60 ማለፍ የለበትም። ከዚያ ካለፈ ኮሊስ ወደሚባለው የትልቅ ጥቅል ክፍል ይገባና ዋጋው ሌላ ነው። እኔ የጥልፍ ሥራ እልክ በነበረበት ጊዜ አንድ ቀን ጥቅሌ መስኮቱ ላይ 2 ኪሎ ከ40 ግራም ሆነ። ቤት ስመዝነው ካርቶኑንና ቴፑን አልቆጠርኩም ነበር። ከኋላዬ ሰልፍ ቆሟል። ሣጥኑን እዚያው ፈትቼ ለደንበኛዬ ምርቃት ብዬ የጨመርኩትን የስንደዶ ማራገቢያ አወጣሁት፤ 1.96 ሆነ። ማራገቢያዋን ይዤ ስወጣ አልቅስ አልቅስ አለኝ፤ በምርቃቱ ነበር የተደሰትኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምመዝነው አሽጌ፣ አድራሻውን ለጥፌ ነው፤ 1.9 ላይም አቆማለሁ። አንቺም 100 ግራም ትርፍ ተዪለት።

ልብ በይ፣ «አሽጌ» ስልሽ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ወደ ውጭ የሚሄድ ጥቅል ፖስታ ቤት ውስጥ በጉምሩክ ይታያል። ቤትሽ ቴፕ ግጥም አድርገሽ ብትሄጂ ያስፈቱሻል፤ ያማረው ማሸጊያሽ ይቀደዳል። አፉን ክፍት አድርገሽ፣ ቴፕና መቀስ በቦርሳሽ ይዘሽ ሂጂ። ከተመዘነና ከታየ በኋላ ዓይንሽ እያየ አሽጊው።

የጉምሩክ ቅጹን ስትሞዪ ጊዜ ስጪው። ዋጋው ዝቅ ላለ ትንሽ ጥቅል ሲኤን 22 የምትባለው ትንሿ ቅጽ ትበቃለች፤ ለከፍ ያለው ሲኤን 23 ነው። «ልብስ» ብሎ መጻፍ ድሮ ቀረ። ጥቅልሽ አውሮፕላን ላይ ከመጫኑ በፊት መረጃው በኮምፒዩተር ቀድሞ ወደ ተቀባዩ አገር ይሄዳል፤ የተድበሰበሰ ከሆነ ዕቃው እዚሁ ይቀራል። ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፊ፦ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ሻርፕ፣ ሁለት፣ የያንዳንዱ ዋጋ ይህን ያህል። ከጎኑ 6 አኃዝ ያለው የጉምሩክ መለያ ቁጥር ይጠየቃል። ለጥጥ ሻርፕና ነጠላ 6214.90 ነው፤ ጋቢ እንደ ብርድ ልብስ ከታየ 6301.30፤ የሴት የጥጥ ቀሚስ ከሰፋሽ 6204.42። እነዚህን በትንሽ ወረቀት ጽፈሽ ሚዛኑ ሥር ለጥፊያቸው፤ መስኮቱ ላይ የጉምሩኩ ሰው ሌላ ቁጥር ይሻላል ካለሽ የእሱን ያዢ።

በትልቁ ቅጽ ላይ ሰው ልብ የማይለው አንድ ቦታ አለ፦ ተቀባዩ ካልተረከበ ምን ይደረግ የሚለው። ይመለስ ካልሽ የመመለሻው ሒሳብ ያንቺ ነው፤ ይተው ካልሽ ዕቃው ይቀራል። የቨርጂኒያው ጋቢ ጊዜ ይህን ማንም አልጠየቀሽም መሰለኝ። ከመፈረምሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ፤ ለአንዲት ሻርፕ መመለሻ መክፈል አያዋጣ ይሆናል፣ ለሁለት ጋቢ ግን ያዋጣል።

ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር በስልክሽ አንሺው። ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻው ላይ የኢትዮጵያ ምልክት የሆነው ኢቲ። ለደንበኛዋ በዚያው ቀን ላኪላት። የት ደረሰ እያለች ሌሊት ስትጽፍልሽ የነበረችው ሴት ራሷ ትከታተለዋለች።

በሚሄድ ሰው መላክን በተመለከተ፣ እኔም ያደግሁበት ነው፤ ማናችንስ ያልላክን? ለእናት በርበሬ፣ ለወንድም ቆሎ ይላካል። ለተሸጠ ዕቃ ግን አትመኚው። አንዴ ለሠርግ የታዘዘ ጥልፍ ዘመድ ለዘመድ አገናኝቶኝ ለማላውቃት መንገደኛ ሰጠሁ። ቦሌ ላይ ሻንጣዋ ከ23 ኪሎ አለፈ። መሬት ላይ ከፍታ መቀነስ ስትጀምር መጀመሪያ የወጣው የኔ ነበር፤ ሸኚዎቿ ይዘውት ተመለሱ። እኔ የሰማሁት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። በእሷ አልፈርድም፤ የእናቷን አደራ አውጥታ የኔን መያዝ አልነበረባትም። ደረሰኝ የለኝ፣ ቁጥር የለኝ፣ ማንን ልጠይቅ? የደንበኛዬን ብር መለስኩ። ደግሞም መንገደኛዋ እዚያ ስትደርስ የሰው የንግድ ዕቃ ይዘሻል ብትባል መልስ የሚቸግራት እሷ ናት።

ለድሬዳዋና ለሐዋሳ ደንበኞችሽ በአውቶቡስ የምትልኪ ከሆነ ለርካሹ ዕቃ ምንም አይደለም፤ የታርጋውን ቁጥርና የረዳቱን ስልክ ያዢ። ዋጋ ያለውን ግን ደረሰኝ በሚሰጥ መንገድ፣ በፖስታው ፈጣን መልእክት ላኪ። እኛ አገር ፖስታ ብዙ ጊዜ በር አያንኳኳምና ደንበኛሽ ፖስታ ሣጥን ባይኖራትም ስልኳን በትልቁ፣ ስሟን እስከ አያት ጻፊ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ከዳር የምንኖር ሰዎች የምንረሳው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በባቡር ለገሃር፣ ከዚያ በእግር ቸርችል ጎዳና ዋናው ፖስታ ቤት። ሰልፉ፣ ጉምሩኩ፣ መመለሻው፤ ግማሽ ቀን ሄደ። ያ ግማሽ ቀን ስንት ነጠላ ይቋጫል? ይህንንም ከመላኪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቢው፤ ታክሲውም ጊዜውም ያንቺ ገንዘብ ነው። በየትዕዛዙ አትመላለሺ። በሳምንት አንድ ቀን የፖስታ ቀን አድርጊና ቻናልሽ ላይ ጻፊው፦ እስከ ማክሰኞ የከፈለ ረቡዕ ይላክለታል። ሰፈርሽ ውስጥ ስፌት የምትሰፋ፣ ሽሮና በርበሬ የምታዘጋጅ ሌላ ሴት አትጠፋም፤ በተራ አንዷ የሁላችሁንም ይዛ ትሂድ። (የምግብ ነገር ግን ለብቻው ሕግ አለው። ለሽያጭ የሚሄድ በርበሬ አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ለምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤታቸው ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ የእሷን ከሸማሽ ጋር በአንድ ጥቅል አታድርጊ።) ቅርንጫፍ ፖስታ ቤት በአቅራቢያሽ ካለም የውጭ ጥቅል ይቀበሉ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቂ። በዚያው ቀን የንግድ ፈቃድሽን ይዘሽ፣ ለንግድ ወደ ውጭ የሚወጣ ዕቃ በባንክ በኩል የሚያስፈልገውን ፈቃድ ለጉምሩኩ ሰው አንሺለት፤ ሥራሽ እያደገ ሲሄድ መደበቂያ መፈለግ የለብሽም።

ባለቤትሽን እረዳዋለሁ፤ የተመለሰ ጋቢ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሲታይ ያናድዳል። ሁለቱን ጋቢዎች እዚሁ ሽጫቸው፤ የቱሉ ዲምቱ ብርድ ለጋቢ ገበያ አያጣም። ለውጭ ደግሞ ለጊዜው ቀለል ያለውን አውጪ፦ ሻርፕ፣ ነጠላ፣ ማቀፊያ። ጋቢ የምትፈልግ ካለች ከነክብደቱ፣ ከነመላኪያው፣ ከነቀረጡ ተነግሯት ትምረጥ። ለቨርጂኒያዋ ደንበኛሽም ጻፊላት፤ እንዲህ ብትይ ይበቃል፦

«እህቴ፣ ጋቢው ተመልሶልኛል። ቀረጥ እንዳለው አስቀድሜ ስላልነገርኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከፈለግሽ ብርሽን እመልስልሻለሁ። ወይም በእሱ ፋንታ ሁለት ነጠላ ልላክልሽ፤ ታሽጎ 900 ግራም ይመዝናል። መላኪያውን እስከ ማክሰኞ ጠይቄ እነግርሻለሁ፤ ቀረጡን ማን፣ መቼና ስንት እንደሚከፍልም አብሬ እጽፍልሻለሁ። እሺ ካላልሽኝ አልክም።»